ቅዳሜ ቅዳሜ አዬዮ ቤት

ቆይ፣ የፔርሙሱን ክዳን አትክደኚው። ትንሽ ይተንፍስ። ሄል ነው አይደል የጨመርሽበት? ሄልና ቀረፋ፤ ወተቱም ከሻዩ ጋር አብሮ ፈልቷል። እዚህ ቢሮ ብዙ ሻይ ጠጥቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ሽታ ግን ገብቶ አያውቅም። ለተግባር ልምምድ ወደ እኛ የመጣሽ ሰሞን «የመጀመሪያ ተገልጋይሽ ማን ነበር?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ያኔ ሥራ በዝቶብኝ አለፍኩሽ። አሁን ይኼ ሽታ ጅግጅጋ ወስዶ ስላስቀመጠኝ ልንገርሽ።

እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ተመደብሽ ስባል እናቴ የፈራችው ሙቀቱን ነበር። ስስ ስሱን ልብስ ሸክፋ፣ ነጠላ አስይዛ ላከችኝ። ስደርስ የተቀበለኝ ግን ነፋስ ነው። ካራማራ ተራራን ተሻግሮ ይመጣና የሠፈሩን ቆርቆሮ አጥር ሁሉ እያንኳኳ ያልፋል፤ አቧራው ጥርስ ውስጥ ይገባል፤ ማለዳ ማለዳ ደግሞ ብርዱ የአገሬን ብርድ ያስታውሳል። በመጀመሪያው ወር ጋቢ አስልኬ ነው የተረፍኩት።

ከልጅነቴ ጠያቂ ነኝ። ቤት ውስጥ «መርማሪዋ መጣች» ይሉኝ ነበር። ሶሻል ወርክ የመረጥኩትም የሰው ቤት ገብቶ መጠየቅ የሚፈቀድበት ሌላ ትምህርት ስላላገኘሁ ሳይሆን አይቀርም።

ሦስተኛ ዓመት ላይ የትምህርት ክፍላችን የበጎ ፈቃድ ክበብ ተማሪዎችን በቡድን እየከፈለ ብቻቸውን ወደሚኖሩ አዛውንቶች ይልክ ጀመር። ሥራው ቅዳሜ ጠዋት ሄዶ ቤት መጥረግ፣ ልብስ ማጠብ፣ ውሃ መቅዳት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቁጭ ብሎ ማውራት ነበር። የእኛ ቡድን ውስጥ እኔ፣ የዶርም ጓደኛዬ የሶዶዋ ልጅ እና አስተርጓሚያችን ነበርን። አስተርጓሚያችን የክፍላችን ልጅ ነው፤ አገሩ እዚያው ቅርብ ቱሊ ጉሌድ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ካልጠየቁት የማይናገር፣ ጠይቀውትም ከሚያውቀው ግማሹን ለራሱ የሚያስቀር ልጅ ነበር። ከእኔ ጋር እንዴት እንደተስማማን ይገርመኛል።

መምህራችን ከመላካችን በፊት አንድ ነገር አጥብቆ ነግሮናል። «‹ልንረዳችሁ መጣን› እያላችሁ የሰው ደጅ እንዳትረግጡ» አለ። «ፈቃድ ጠይቁ። ዝቅ ብላችሁ ጠይቁ። የሰውየው ክብር ከተነካ የጠረጋችሁለት ቤት ምን ያደርግለታል?» እኔ ይህን በትልቁ ጽፌ አልጋዬ አጠገብ ለጥፌው ነበር።

የተመደበችልን አሮጊት ቤት ከገበያው ጀርባ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ያለው ነው። ሁላችንም «አዬዮ» እንላት ነበር፤ በሶማልኛ አያቴ እንደ ማለት ነው። እኔ መጀመሪያ «እርስዎ» በልልኝ እያልኩ አስተርጓሚያችንን አስቸግሬው ነበር። «በእኛ ቋንቋ ‹እርስዎ› የለም፤ አንቺ በያት፣ አትቀየምም» አለኝ። ከዚያ በኋላ አንቺ ሆነች፤ ይሄው እስከ ዛሬም ድረስ።

አዬዮ አጭር፣ ትከሻ ሰፊ ሴት ነበረች። ልጆቿ ከድንበር ማዶ ናቸው፤ ባሏ ሞቷል። ሁለቱም ዓይኖቿ ላይ ሞራ ወጥቶባቸው ጥላና ብርሃን ትለያለች እንጂ መልክ አትለይም። በጉልምስናዋ የግመል ወተት ትሸጥ ነበር። ወተት መሸጡን ከተወች ዓመታት ቢያልፉም ጥግ ላይ የተደረደሩት የወተት ዕቃዎች የታጠኑበት የእንጨት ጭስ ከቤቱ አልወጣም፤ ስትገቢ መጀመሪያ የሚቀበልሽ እሱ ነው፤ ከዚያ የሻዩ ሄል ይከተላል። ደንበኞቿ አብዛኞቹ ከመሀል አገር የመጡ ወታደሮች ስለነበሩ ጥቂት አማርኛ ከእነሱ ተምራለች። ሦስት ቃል ብቻ ነው፤ «ግባ»፣ «ቁጭ በል» እና «ብላ»። ወታደር ለወታደር እንደሚለው። እኔንም የሶዶዋንም ልጅ «ብላ» ስትለን ከት ብለን እንስቅ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን አስተርጓሚያችን በሩ ላይ ቆሞ ብዙ ተናገረ። አዬዮ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማችው። አንድ አጭር ነገር ጠየቀችው፤ መለሰላት። ከዚያ እጇን ዘርግታ የእኔን እጅ ፈለገች። ስታገኘው አንጓዬን በአውራ ጣቷና በመሀል ጣቷ ዙሪያውን ያዝ አድርጋ ለቀቀችኝ። የሶዶዋንም ልጅ እንዲሁ። ቀጥሎ ወደ አጥሩ ዞራ ጮክ ብላ ተጣራች፤ ጎረቤቷ ብቅ አለች፣ ከእግር እስከ ራሳችን አየችንና ከንፈሯን መጥጣ ተመለሰች።

«ምን አለችህ?» አልኩት አስተርጓሚያችንን።

«ግቡ አለች።»

ያ ሁሉ ንግግር «ግቡ» ብቻ ሊሆን እንደማይችል ያኔም ጠርጥሬያለሁ። ግን የመጀመሪያ ቀናችን ነበርና ገባን።

ከዚያ ቅዳሜያችን መልክ ያዘ። መጥረጊያ ለማንሳት ብንሞክር አትፈቅድም፤ መጀመሪያ ከፔርሙሱ ሻይ ይቀዳል። ሻዩ ካልተደገመ መጥረጊያው የት እንዳለ እንኳ አትነግረንም። ከዚያ ስንሠራ እሷ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ትጠይቀናለች። ካፌ ምን አበሏችሁ? ዶርም ውስጥ ማን አጠገብሽ ይተኛል? እናትሽ ደወለች? አገርሽ ዘነበ? ጠያቂ ሆኜ የተላክሁት እኔ ነኝ፤ መላሽ ሆኜ የምውለው እኔ። ያም ሆኖ በመሀል የራሴን ጥያቄዎች ጣል ጣል ማድረጌ አልቀረም። ግመል ስንት ጊዜ ይታለባል? የወተቱን ዕቃ ለምን ታጥኚዋለሽ? ባልሽን ማን አስተዋወቀሽ? ስም አወጣችልኝ፤ «ሱአል» ትለኝ ጀመር። በእነሱ ቋንቋ ጥያቄ ማለት ነው።

እኩለ ቀን ላይ ከጎረቤት ምሳ ይመጣል። አንዳንዴ ሩዝ፣ አንዳንዴ ፓስታ ከሙዝ ጋር። ሙዙን እንደ እንጀራ ከፓስታው ጋር እየቆረሱ መብላት መጀመሪያ ግራ ገብቶኝ ነበር፤ በኋላ ያለሙዝ ፓስታ መብላት አቃተኝ። ጎረቤቶቹ ለአዬዮ የሚያመጡላት ምሳ ይመስለን ስለነበር የሶዶዋ ልጅ ተጨነቀች። «የተገልጋያችንን ምግብ እየበላንባት ነው፤ ሥነ ምግባሩ ይፈቅዳል?» ትለኝ ነበር፣ እየበላች። መምህራችንን ጠየቅነው። «እምቢ ማለት ያስከፋል፤ ቅመሱላት» አለን። ቀመስን። ሳህኑ ባዶ እስኪሆን ቀመስን።

ከሁሉ ያልገባኝ የእጁ ነገር ነበር። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር፣ ሰላምታውም ሳያልቅ፣ አንጓችንን በሁለት ጣቷ ትይዝና ትለቃለች። ምርቃት ነው? የሠፈሩ ባህል ነው? ሌላ ሰው ላይ ስታደርገው አላየሁም፤ አስተርጓሚያችንን አትነካውም። ብጠይቀው «እኔ ምን አውቃለሁ» አለኝ። እንግዲህ የተማርኩትን ይዤ ራሴ ፈታሁት። ክፍል ውስጥ ቆሜ «ተገልጋያችን ለረጅም ጊዜ ብቻዋን በመኖሯ የሰው ንክኪ ትሻለች» ብዬ አብራራሁ። መምህራችን ራሱን እየነቀነቀ «ጥሩ ምልከታ ነው» አለኝ። ዶርም እስክደርስ በደስታ መሬት አልረገጥኩም።

ክረምቱ አልፎ፣ የበጋው ነፋስም ጠና ብሎ ሳለ፣ የዓይን ሐኪሞች በነፃ ሞራ ሊገፉ ወደ ከተማው እንደሚመጡ ሰማን። አዬዮ እየባሰባት ነበር። ጥላውም እየራቃት ነው፤ አንድ ቀን ትኩስ ሻይ እጇ ላይ ስትቀዳ አይቻለሁ፣ ድምፅ ግን አላሰማችም። ሐኪሞቹ ተመልሰው መቼ እንደሚመጡ የሚያውቅ የለም። ቅዳሜን በጉጉት ጠብቀን ነገርናት። እልል የምትል መስሎኝ ነበር።

አዬዮ ረጅም ነገር ተናገረች። እጇን ወደ እኛ፣ ከዚያ ወደ ጎረቤት አጥር፣ ከዚያ ወደ ዓይኗ እየጠቆመች። አስተርጓሚያችን መሬት መሬት እያየ ሰማትና፣

«አልፈልግም አለች» አለን።

መንገድ ላይ አልለቀቅኩትም። ነፋሱ የነጠላዬን ጫፍ ፊቴ ላይ እየመታ፣ ከኋላው እየሮጥኩ። «ያን ሁሉ ተናግራ ‹አልፈልግም› ብቻ? ምን አለች? ፈርታ ነው?» መጨረሻ ላይ አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ ቆመ።

«‹ዓይኔን አስረው ካስተኙኝ እነዚህ ልጆች ቅዳሜ የት ይሄዳሉ?› ነው ያለችው። ‹አደራ ናቸው› ነው ያለችው።»

«የማን አደራ?»

ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። የሶዶዋ ልጅ ቀስ ብላ፣ «መጀመሪያ ቀን ምን ብለህ ነው ያስተዋወቅኸን?» አለችው።

«መምህሩ እንዳለው። ዝቅ ብዬ ፈቃድ ጠየቅኩ።»

«ምን ብለህ?»

«‹እነዚህ ልጆች ከሩቅ አገር የመጡ ናቸው። እዚህ እናት የላቸውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤትሽ ቢመጡ ትቀበያቸዋለሽ?› አልኳት።»

«እሷስ?»

«‹ማን ያበላቸዋል?› አለች።»

እሱ አንዴ ከጀመረ አላቆመም። «ለአሮጊት ሴት ‹ብቻሽን ነሽ፣ ልንረዳሽ መጣን› እንዴት ይባላል? ዘመድ የለሽም ማለት እኮ ነው፤ ጎሳዋን መስደብ ነው። ስለዚህ ገለበጥኩት። የሚገባችሁ መስሎኝ ነበር። በኋላ ደግሞ ጥሩ እየሄደ ስለሆነ ተውኩት።»

«ምሳውስ?» አልኩ።

«ጎረቤቶቹ ተራ ይዘው ነው። ቅዳሜ የማን ቤት ተራ እንደሆነ ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል።»

«እጃችንን የምትይዘውስ?»

አስተርጓሚያችን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «ከሳችሁ እንደሆነ እየለካች ነዋ። ከፈተናው በኋላ የአንቺ ቀጥኖ ስላገኘችው ነው ሩዙ ላይ ሥጋ የተጨመረው።»

የሶዶዋ ልጅ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ በሳቅ ፈረሰች። እኔም ሳቅሁ፤ ስስቅ ግን እንባዬ መጣ። እናቴ ደብረ ብርሃን ሆና «በልተሻል?» እያለች በስልክ የምትጨነቀውን፣ እዚህ አንዲት ዓይኗ የማያይ ሴት በሁለት ጣቷ እየለካች ትከታተለው ነበር። ስንት ወር ሙሉ የተረዳነው እኛ ነበርን። እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም፤ ከዚያ በኋላም አልደረሰብኝም።

ለመምህራችን ነገርነው። መነጽሩን አውልቆ እስኪበቃው ሳቀና፣ «ታዲያ ኪሎ ጨመራችሁ?» አለን። ቆየት ብሎ ግን ፊቱ ተለወጠ። «ዓይኗስ?» አለ።

ጭንቁ እሱ ነበር። «እውነቱን እንንገራት» የምትለው የሶዶዋ ልጅ ነበረች። ምን ብለን? እርዳታ ተቀባይዋ አንቺ ነሽ፣ ስለ እኛ አትጨነቂ ብለን? አስተርጓሚያችን «ይህን ከነገራችኋት በሩን ትዘጋለች» አለ። ማስገደድ ደግሞ አይቻልም፤ አካሉም ዓይኑም የራሷ ነው። እኔ ሌሊቱንም ቀኑንም ይኼንኑ ሳብላላ ሰነበትኩ። ልታጣው ያለችው ዓይኗን ነው፤ የምታጣውም ለእኛ ብላ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እጄን ከለካች በኋላ እጇን አልለቀቅኩም። አስተርጓሚያችንን «ቃል በቃል ንገርልኝ፤ እንዳትገለብጠው» አልኩት።

«አዬዮ፣ እኛ አገር ‹አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ› ይባላል። እኛ አደራሽ ነን። አደራ የተቀበለ ሰው ግን የተቀበለውን አይቶ ነው። አንቺ አላየሽንም። ነገ ገበያ ውስጥ ብንጠፋ በምን ትፈልጊናለሽ?»

ውጭ ነፋሱ ቆርቆሮውን ይመታል። አዬዮ እጇን አነሳችና ፊቴን ነካች፤ ግንባሬን፣ አፍንጫዬን፣ ጉንጬን። ይህን አድርጋ አታውቅም ነበር።

«መልካቸውን አላውቀውም፤ እውነቷን ነው» አለች፣ አስተርጓሚያችን እንደነገረን። «እሺ። ግን ፋሻው ሲፈታ ፊቴ እነሱ ይሁኑ። መጀመሪያ የማየው ሐኪም ከሆነ አልፈልግም።»

ቃል ገባንላት። እንዴት አንገባም? ሆስፒታሉ በባጃጅ ቅርብ ነው።

ሐኪሞቹ የመጡት ኮሮና አገር ገባ በተባለበት ሰሞን ነው። ቀኑን አሳጠሩት፤ ወረፋውን አፋጠኑት። አዬዮን ከሁለት ጎረቤቶቿ ጋር ሆነን ወሰድናት። ከቀዶ ጥገናው ስትወጣ አንድ ዓይኗ በነጭ ፋሻ ታሽጎ፣ በሌላው ወደ ድምፃችን ዞራ «ብላ?» አለችን፤ በላችሁ ወይ ማለቷ ነው። ፋሻው በማግስቱ ጠዋት ሊፈታ ነው። «በጠዋት እንመጣለን» ብለናት ወጣን።

ግቢ ስንደርስ ተማሪው ሁሉ ሻንጣ ይዞ ይራወጣል። ዩኒቨርሲቲው ተዘግቷል፤ በነጋታው ጎህ ሲቀድ አውቶቡስ ተዘጋጅቷል፣ ሁሉም ወደ ቤተሰቡ ይሂድ ተብሏል። ከግቢ መውጣት ተከልክሏል። የሶዶዋ ልጅ ዘበኞቹን ለመነች፣ እኔ ለመንኩ፤ «ትእዛዝ ነው እህቴ» አሉን። ክፍል ውስጥ ከተገልጋይ እንዴት እንደሚሰናበቱ ተምረን ነበር፤ አስቀድሞ መንገር፣ ቀስ በቀስ መራቅ፣ የመጨረሻ ቀን መወሰን። ፈተናውንም በጥሩ ውጤት አልፌዋለሁ።

አስተርጓሚያችን አገሩ ቅርብ ስለሆነ ቀረ። «እኔ እገኝላታለሁ» አለን። አውቶቡሱ ካራማራን ሲወጣ ከተማው በአቧራ ውስጥ እያነሰ ሄደ፤ እኔ ሰማያዊ በር እፈልግ ነበር። ከዚያ ርቀት በር አይታይም።

ባቢሌ ላይ ሾፌሩ ለውዝ ሊገዛ ሲያቆም ስልኬ ጮኸ።

«ተፈታ» አለኝ አስተርጓሚያችን። «ታያለች።»

«ማንን አየች?»

«እኔን። ‹አንተማ መቼም አለህ› አለችኝ። ከዚያ ክፍሉን ሁሉ ዞር ዞር ብላ ፈለገች።»

የሶዶዋ ልጅ ትከሻዬ ላይ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ ለውዝ የሚሸጡትን ሴቶች ፊት አንድ በአንድ እያየሁ ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ግቢው ዳግም ሲከፈት ጓደኞቼ ቀሪውን ትምህርት በጥድፊያ ጨረሱ፤ እኔ ግን ታምሜ ስለዘገየሁ ወደ ሌላ ግቢ ተዛወርኩ፤ ጅግጅጋ አልተመለስኩም። አስተርጓሚያችን እዚያው ክልል ውስጥ ደምበል ወረዳ ሥራ አግኝቶ ሄደ፤ ቁጥሩም ተለወጠ። አዬዮ ዛሬ በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም። አስተርጓሚያችን ከመጥፋቱ በፊት ግን፣ ገና ደብረ ብርሃን ተዘግተን በተቀመጥንበት ወራት፣ አንድ ቅዳሜ በቪዲዮ ደወለልኝ። ምንጣፉን አወቅኩት፤ ፔርሙሱን አወቅኩት። ከዚያ የአዬዮ ፊት ስክሪኑን ሞላው። አንደኛው ዓይኗ ጥቁርና ጥርት ያለ ነበር።

መስመሩ ደካማ ነው፤ ምስሉ ሄዷል፣ ድምፄ ግን አልደረሰም። አዬዮ ስልኩን አራቀችው፣ አቀረበችው፤ ፊቴን እንደ እንግዳ ሰው ፊት ተመለከተችው። ወደ አስተርጓሚያችን ዞራ ጠየቀችው። ምን እንዳለች ሳይተረጎምልኝ ገባኝ፤ ይቺ ማን ናት?

«አዬዮ!» አልኩ። «አዬዮ፣ ዓይንሽ እንዴት ነው? ነፋሱ አያስቸግርሽም? ጠብታውን በሰዓቱ ታደርጊያለሽ? ማን ያደርግልሻል?»

ድምፁ ደረሰ። አዬዮ ዓይኖቿን ጨፈነች። የሚያየውንም የማያየውንም ጨፍና፣ አንገቷን እንደ መጀመሪያው ቀን ዘንበል አድርጋ ሰማችኝ።

«ሱአል» አለች።

ከዚያ እጇን ወደ ስልኩ ዘረጋች። የፈለገችውን አወቅኩት፤ እጅጌዬን ሰብስቤ አንጓዬን ካሜራው ፊት አነሳሁላት። ሁለቱ ጣቶቿ ስክሪኑ ላይ ቆዩ፤ የሚያዝ ነገር የለም። ቀስ ብላ ዓይኗን ገለጠች። አንጓዬን ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው፤ ብዙ አየችው።

«ብላ» አለችኝ።